አውጫጭኝ፤ ዕውቀትና ፍትሕ በአንድ መስክ ላይ

መግቢያ

በአገራችን የቆየ የፍርድ ሥርዓት ውስጥ ወንጀል ተሠርቶ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፥ ያገሩ ሰው በአንድ መስክ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲያወጣ የሚገደድበት ልማድ ነበር። ይህ ልማድ አውጫጭኝ ይባላል፤ በብዙ ስፍራም አፈርሳታ በሚለው ስሙ ይታወቃል። በዚሁ በሁለተኛው ስሙ፥ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ለጻፉት ልብ ወለድ ርእስ ሆኗል። አውጫጭኝ የሚለው ቃል «አወጣ» ከሚለው ግስ ጋር የተዛመደ ነው፤ በሰው ልብ ተሰውሮ ያለውን ነገር ወደ ውጭ ማውጣትን ያመለክታል።

ስለዚህ ልማድ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚሰማው አንዱ ወገን ያባቶች ጥበብ ነው ብሎ ሲያመሰግነው፥ ሌላው ኋላ ቀር ነው ብሎ ሲነቅፈው ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘን እንነሣለን፤ ይኸውም፥ ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚያውቁት ነገር ለፍትሕ የሚበቃው መቼ ነው? የሚል ነው። ጥያቄው ለሕግ ተማሪ ብቻ የቀረበ ይመስላል። ቀርበው ሲመረምሩት ግን የታሪክ፥ የሕዝብ ባሕል፥ የኤኮኖሚ፥ የሒሳብ፥ የሥነ ልቡናና የፍልስፍና ሊቃውንት ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ ያላቸው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ይዘን በየተራው ለእያንዳንዳቸው እናቀርባለን። የውጭ አገር ነገር ሲጠቀስ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) መሆኑን አንባቢው ልብ ይበል።

ሀ. የአውጫጭኝ አሠራር

ለማስረዳት ያህል፥ በታኅሣሥ ወር የአንድ ገበሬ የጤፍ ክምር በሌሊት ተቃጠለ እንበል። ያቃጠለው ሰው አልታወቀም። ባለ ክምሩ ለጭቃ ሹሙ ወይም ለአገረ ገዥው ያመለክታል። ሹሙም አውጫጭኝ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ ቀኑና ስፍራውም ለሕዝቡ ይነገራል። በቀጠሮው ቀን የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ሕዝቡ በሜዳ ላይ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰብና ከመካከሉ የታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል።

በይፋ ለመናገር የሚፈራ ሰው ግን የሚያውቀውን ለሽማግሌዎቹ በምስጢር ሊነግር ይችላል። ወሬውን ያመጣው ሰው በስሙ አይጠራም፤ «ወፍ» ይባላል። በመጀመሪያው ቀን ነገሩ ካልወጣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሕዝቡ ሥራውን እየፈታ እንደገና ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስከ መጨረሻው ካልተገኘ፥ ያገሩ ሰው አዋጥቶ የባለ ክምሩን ጉዳት ይከፍላል።

አሠራሩ ከአውራጃ አውራጃ ይለያይ ነበር። ቢሆንም ሦስት ነገሮች ዋና ምሰሶዎቹ ነበሩ ለማለት ይቻላል። አንደኛው ሰው ሁሉ መቅረብ ያለበት መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ወፍ ነው፤ ሦስተኛው በአንድነት መክፈል ነው። የሊቃውንቱ ክርክር የሚነሣው በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው።

ለ. የሕግ ሊቅ

የሕግ ሊቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ምስክሩ ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን የተከበረው ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ከ51 አንቀጾቹ 22ቱ መንፈሳዊ፥ 29ኙ ሥጋዊ ናቸው። በዚህ መጽሐፍ ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ቃል ነው፤ ምስክሩም የታወቀ፥ ሊጠየቅና ሊነቀፍ የሚችል ሰው መሆን አለበት። ወፍ ግን አይጠየቅም። ተከሳሹ «ይህን ያለው ማነው? ከእኔ ጋር ጠብ የለውምን?» ለማለት አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ አገር ጐን ለጐን ሲኖሩ፥ ስለ ምስክር ያላቸው አሳብ ግን የተለያየ ነበር።

ሁለተኛው የሕግ ጥያቄ ስለ ክፍያው ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቅጣት በአድራጊው ላይ ብቻ እንደሚወድቅ ደንግጎ ነበር። በአውጫጭኝ ግን ሌሊቱን ሁሉ ከቤቱ ያልወጣ ገበሬም ስለ ጐረቤቱ ክምር ይከፍላል። ልማዱን የሚደግፉ ሰዎች ይህ ካሣ እንጂ ቅጣት አይደለም ይሉ ይሆናል። ለከፋዩ ግን ከጐተራው የሚወጣው እህል ያው ነው።

ሦስተኛው ስለ ዝምታ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ ሰጠ፤ የተጠረጠረ ሰውም መልስ ለመስጠት የማይገደድ መሆኑ እንዲነገረው አዘዘ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ መብት አጽንቶታል፤ የቀረበበትን ምስክር የመጠየቅ መብትንም አክሎበታል። በአውጫጭኝ መስክ ላይ ግን ዝም ያለ ሰው «ምን ደብቆ ነው?» መባሉ አይቀርም።

ሐ. የታሪክ ጸሐፊ

የታሪክ ሊቅ ይህን ሁሉ ሰምቶ፥ ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የነበረ እንዳይመስለን ያስጠነቅቀናል። በእንግሊዝ አገር ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1166 እ.ኤ.አ. በክላሬንደን ባወጣው ድንጋጌ፥ ከእያንዳንዱ ወረዳ 12 የታመኑ ሰዎች፥ ከእያንዳንዱም መንደር 4 ሰዎች ምለው፥ በአካባቢያቸው በሌብነትና በግድያ የሚጠረጠረውን ሰው እንዲያስታውቁ አዘዘ። ከዚያም ቀደም ብሎ፥ ኖርማኖች አገሩን ከያዙ በኋላ፥ ከእነርሱ ወገን ሰው ተገድሎ ገዳዩ ካልታወቀ የወረዳው ሕዝብ በአንድነት መቀጫ ይከፍል ነበር። ይህ መቀጫ የቀረው በ1340 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ በመሐላ ማውጣትና በአንድነት መክፈል ከእኛ ርቆ በሚገኝ አገርም ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በእንግሊዝ በእነዚያ ሰዎች የተጠቆመ ሰው በውኃ ይፈተን ነበር፤ ፍርዱ ከእግዚአብሔር ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበርና። በ1215 እ.ኤ.አ. የሮማ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ካህናት በዚህ ፈተና እንዳይገኙ በከለከለ ጊዜ፥ ዳኞቹ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ቀድሞ ይጠቁሙ የነበሩት ያገር ሰዎች ቀስ በቀስ ማስረጃ ሰምተው የሚፈርዱ ሆኑ።

በእኛም አገር ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ይሰጠውና ይለቀቃል፤ ደንዝዞ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ይህ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ። አውጫጭኝ ከሌባ ሻይ የሚለይበትን ነጥብ አንባቢው ልብ እንዲለው ያስፈልጋል። ሌባ ሻይ ዕውቀትን ከሰው ውጭ ይፈልጋል፤ አውጫጭኝ ግን እውነቱ በሰዎች መካከል አለ፥ ጠይቀን እናገኘዋለን ብሎ ይነሣል። ይህ እምነቱ ታላቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ያለው በአጠያየቁ ላይ ነው።

መ. የሕዝብ ባሕል አጥኚ

የሕዝብን ባሕል የሚያጠናው ሊቅ የሚጠይቀው ከፍርዱ በኋላ ስለሚመጣው ቀን ነው። ማክስ ግሉክማን በዛሬይቱ ዛምቢያ ስላለው ስለ ባሮትሴ ሕዝብ ዳኝነት በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ ተከራካሪዎቹ ዘመድና ጐረቤት በሆኑበት አገር ዳኛው የሚመለከተው የተከሰሰበትን አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ ነገም አብረው መኖር እንዳለባቸው ያስባል።

የጤፉ ክምር የተቃጠለበት መንደርም እንዲሁ ነው። እነዚያው ሰዎች በአንድ ደቦ ያርሳሉ፤ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ፤ ልጆቻቸውን ያጋባሉ። ክምር የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት በወሰን፥ በውርስ ወይም በስድብ የተነሣ ቂም ስላለ ነው። ፖሊስ ከሩቅ መጥቶ አመዱን ሊመረምር ይችላል፤ ቂሙን የሚያውቁት ግን ያገሩ ሰዎች ናቸው። አውጫጭኝ ሲቀመጥ የሚወጣው የወንጀለኛው ስም ብቻ ሳይሆን የጠቡ ምክንያት ጭምር ነው፤ ሽማግሌዎቹም ከዚያ ተነሥተው ወደ ዕርቅ ሊሄዱ ይችላሉ። የሕግ ሊቁ ይህን ጥቅም ሊክደው አይገባም።

ሠ. የኤኮኖሚ ሊቅ

የኤኮኖሚ ሊቅ በመጀመሪያ የሚቈጥረው የጠፋውን የሥራ ቀን ነው። በመከርና በውቂያ ወራት አንድ አገር ሙሉ ሥራ ፈትቶ ሦስትና አራት ቀን በመስክ ላይ ቢቀመጥ፥ የሚጠፋው እህል ከተቃጠለው ክምር ሊበልጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ በአንድነት የመክፈል ግዴታ ከንቱ ነገር እንዳልሆነ ያስረዳናል። ዕዳው የሁሉም ከሆነ እያንዳንዱ ጐረቤቱን ይጠብቃል፤ ሌላው የማያየውን ያያል። ሙሐመድ ዩኑስ በ1976 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ የጀመሩት፥ በኋላም ወደ አገራችን የገባው የቡድን ብድር በዚሁ አሳብ ላይ የቆመ ነው። መያዣ የሌለው ድኻ ጐረቤቶቹ መያዣ ሆነውለት ይበደራል።

ነገር ግን ከዚሁ ምንጭ አንድ ክፉ ነገር ይፈልቃል። ክፍያው የሚቀረው አንድ ስም ሲገኝ ነው። እንግዲያው መንደሩ የሚፈልገው እውነተኛውን ስም ነው ወይስ ማናቸውንም ስም? ሦስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ፥ በሬው ሳይጠመድ ሲውል፥ ሁሉም «በቃ ይውጣ» ሲል፥ ለሁሉም የሚቀለው ወገን የሌለውን ሰው ስም መጥራት ነው። ባለ ጠጋውን የጠራ ነገ ይጎዳል፤ ዘመደ ብዙውን የጠራ ቂም ያተርፋል። በቅርብ ከሌላ አገር መጥቶ የሠፈረውን፥ ወይም ብቻውን የሚኖረውን የጠራ ግን ምንም አይደርስበትም።

ረ. የሒሳብና የሥነ ልቡና ሊቃውንት

ብዙ ሰው ያለው ነገር እውነት ነው የሚለውን አሳብ በሒሳብ የመረመረው ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ ነው፤ መጽሐፉ በ1785 እ.ኤ.አ. ታተመ። ጥያቄው አንድ ሰው አድርጓል ወይስ አላደረገም የሚል ይሁን። እያንዳንዱ ፈራጅ ከ100 ጊዜ 60 ጊዜ ትክክለኛውን የሚናገር ቢሆን፥ የ3 ሰዎች አብላጫ ድምፅ 65 ጊዜ ያህል፥ የ11 ሰዎች 75 ጊዜ ያህል፥ የ101 ሰዎች ደግሞ 98 ጊዜ ያህል ትክክል ይሆናል። ይህ ለአውጫጭኝ ደጋፊ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው እያንዳንዱ ሰው ከግማሽ በላይ ትክክል መሆን አለበት። በጥላቻ ወይም በፍርሃት ምክንያት ከ100 ጊዜ 40 ጊዜ ብቻ ትክክል ቢሆኑ፥ የ101 ሰዎች አብላጫ ድምፅ 2 ጊዜ ያህል ብቻ ትክክል ይሆናል፤ ብዛታቸው ስሕተቱን ያጠነክረዋል። ሁለተኛው፥ እያንዳንዱ ከሌላው ሳይሰማ በራሱ ዕውቀት መናገር አለበት። ወሬውን ሁሉም ከአንድ ሰው በገበያ ሰምተው ከሆነ፥ 101ዱ ሰዎች በሒሳብ ዐይን አንድ ምስክር ናቸው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ደግሞ ይህ ሁለተኛው ነገር በስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚፈርስ በሙከራ አሳይተዋል። ሰሎሞን አሽ በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ አንድን ሰው አስቀድመው በተስማሙ ሰዎች መካከል አስቀምጠው የመሥመሮችን ርዝመት ጠየቁ። ሌሎቹ ሁሉ ሆን ብለው ስሕተት ሲናገሩ፥ ተጠያቂዎቹ ከሰጡት መልስ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከስሕተተኞቹ ጋር የተስማማ ሆነ፤ እውነቱ በዐይናቸው ፊት እያለ ማለት ነው። ከመካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን የተጠያቂው ድፍረት ወዲያው ተመለሰ።

ኦልፖርትና ፖስትማን በ1947 እ.ኤ.አ. ስለ ወሬ ያሳተሙት መጽሐፍም ሊታወስ ይገባዋል። በአንድ ሥዕል ላይ ምላጭ የያዘ ነጭ ሰው ከአንድ ጥቁር ሰው ጋር ቆሞ ይታያል። ሥዕሉን ያየው ላላየው፥ ያላየው ደግሞ ለሌላው እያስተላለፈ ሲሄድ፥ ምላጩ ብዙ ጊዜ በጥቁሩ ሰው እጅ ተገኘ። ወሬ እየተላለፈ ሲሄድ ጥፋትን አስቀድሞ ወደ ተጠላው ሰው ይወስዳል ማለት ነው። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ይህን ያህል ከባድ ነገር ነው።

ሰ. ፈላስፋው

በመጨረሻ የሚናገረው ፈላስፋው ነው። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ሚራንዳ ፍሪከር በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ አንድ ሰው ስለ ማንነቱ በተያዘበት ጥላቻ ወይም ንቀት ምክንያት ቃሉ የሚገባውን እምነት ሳያገኝ ሲቀር፥ ይህ ራሱ ግፍ ነው ይላሉ፤ ሰውየው ዐዋቂ በመሆኑ ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው።

በዚህ ዐይን ወደ መስኩ እንመለስ። በብዙ ስፍራ ለአውጫጭኝ የሚጠራው ወንዱ ነበር። ሆኖም በዚያች ሌሊት ማን ከቤቱ እንደ ወጣና እንደ ገባ፥ የማን ልብስ ጢስ ጢስ እንደ ሸተተ የምታውቀው ሴቲቱ ትሆናለች። ጢሰኛው በሚያርሰው መሬት ባለቤት ላይ ይመሰክራል ማለት ዘበት ነው። ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋና ፋቂው ደግሞ ቡዳ እየተባሉ ይታሙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማውጣታቸው፥ ንቀቱ ምን ያህል የተስፋፋ እንደ ነበረ ያስረዳል። እነዚህ ሰዎች ቢናገሩ አይታመኑም፤ ሲታሙ ግን ሐሜቱ ፈጥኖ ይታመናል። እንግዲህ የፍርዱ መጓደል የሚጀምረው ፍርድ ሲሰጥ ሳይሆን፥ ማን ይናገር፥ ማንስ ይታመን ተብሎ ሲወሰን ነው።

ቀ. ከሊቃውንቱ ክርክር የምናገኘው

የየአንዳንዱን ድርሻ ብንሰበስብ፥ ብዙ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ለፍትሕ የሚበቃው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው ለማለት እንደፍራለን። አንደኛ፥ የሚያውቅ ሁሉ ሴት፥ ድኻ ወይም እንግዳ ሳይባል ሳይፈራ የሚናገርበት ስፍራ ሲኖር ነው። ሁለተኛ፥ ያየው ከሰማው ተለይቶ፥ እያንዳንዱም ለየብቻው ሲጠየቅ ነው። ሦስተኛ፥ የተጠቆመው ሰው የተባለበትን ዐውቆ መልስ ለመስጠት ሲችል ነው። አራተኛ፥ ሸንጎው «አላወቅንም» ብሎ ቢነሣ የማይቀጣ ሲሆን ነው። ይህ አራተኛው ቀላል ቢመስልም ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ አለማወቅን ማመን የማይፈቀድለት ሸንጎ የሐሰት ዕውቀት ማምረቱ አይቀርምና።

እዚህ ላይ ወፍን በቀላሉ ማባረር እንደማይገባ መናገር ያስፈልጋል። በምስጢር መናገር ተከሳሹን ይጎዳል፤ ነገር ግን ጢሰኛውና ሴቲቱ መናገር የሚችሉት በዚያ በር ብቻ የሆነበት ጊዜም ይኖራል። መፍትሔው ምናልባት ወፍ የተናገረው ለምርመራ መነሻ እንጂ ለፍርድ መድረሻ እንዳይሆን ማድረግ ነው። በዚህ ላይ የሕግና የፍልስፍና ተማሪዎች ገና ሊከራከሩበት ይችላሉ።

ጉዳዩ የጥንት ነገር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ሩዋንዳ ያደረገችውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1994 ከተፈጸመው የዘር ማጥፋት በኋላ፥ መደበኛዎቹ ፍርድ ቤቶች የማይችሉት ብዙ ክስ ስለ ነበረ፥ ጋቻቻ የሚባለው ያገር ሸንጎ በአዲስ ሕግ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪዘጋ ድረስ ከ1 ሚሊዮን በላይ ጉዳዮችን ተመለከተ። ብዙ ቤተ ሰቦች የዘመዶቻቸው ዐፅም የት እንደ ወደቀ ያወቁት በዚያ ሸንጎ ነው። በዚያው ሸንጎ ግን ስለ ሐሰት ምስክርና ምስክርን ስለ ማስፈራራት ብዙ አቤቱታ ተሰምቷል። ጥቅሙም ጉዳቱም ሊቃውንቱ እንዳሉት ሆነ።

በአገራችንም የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ለባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶች ስፍራ ሰጥቷል። ስለዚህ ሰው በመስክ ላይ ተሰብስቦ «ምን ታውቃለህ?» መባባሉ እንደገና ሊመጣ ነው፤ ያውም ስለ ጤፍ ክምር ሳይሆን ስለ ሰው ደም። ያን ጊዜ የማን ቃል ይሰማል የሚለው ጥያቄ ከመጽሐፍ ወጥቶ በሰው ሕይወት ላይ ይወድቃል።

እኛ ተማሪዎች በዚህ ረገድ ልንሠራው የምንችለው አንድ ሥራ አለ። በአውጫጭኝ መስክ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ዛሬ ሸምግለዋል፤ ቍጥራቸውም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ እነርሱን ብንጠይቅ፥ የሰማነውንም ቀኑንና ስፍራውን ለይተን ብንጽፍ፥ ለመምህራኖቻችንና ከእኛ በኋላ ለሚመጡ ተመራማሪዎች የማይተካ ማስረጃ እናቆያለን። ስንጠይቅም በሸንጎው መካከል የተናገሩትን ሽማግሌዎች ብቻ ሳይሆን፥ በዳር ቆመው ያልተጠየቁትን አሮጊቶችና የእጅ ሠራተኞች ጭምር እንጠይቅ። አለዚያ የነቀፍነውን ጉድለት በራሳችን ጥናት ውስጥ ደግመን እንሠራዋለን።